የሐረጎው ሃምሳ ሰከንድ

ራሂማን ሐርቡ ላይ የቀደማት የሰው እግር አይደለም፤ የገዛ አክስቷ ሰላምታ ነው።

የሐርቡው ሩጫ ሊያልቅ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ ከአርባ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ባለው የሴቶች ምድብ ፊት ፊት እየመራች ሳለ፣ አክስቷ እትዬ ውዱ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከመንገዱ ዳር ብቅ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። የተዘረጋ የአክስት እጅ እንዴት ተደርጎ ይታለፋል? ቆመች። እትዬ ውዱ ጉንጭ ለጉንጭ አገላብጠው ሳሟት፤ ልጆቿን አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቁ፤ የባሏን ወገብ ጠየቁ፤ ላሚቱ ጥጃ መውለዷን ነገሯት። ራሂማ ባለችበት እየረገጠች «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ስትል ወርቄ በጎኗ ሽው ብላ አለፈች።

ወርቄ ደሴ ፒያሳ ላይ ጫማ ቤት ያላት፣ ቀጠን ያለች፣ ምላሷ ከእግሯ የማይዘገይ ሴት ናት። ሐርቡ ላይ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደ ራሂማ መጣችና፣ አንቺ ዘመድ ስትሰበስቢ እኔ ነጥብ ሰበሰብኩ ብላ ሳቀች። ራሂማ በተፈጥሮዋ ዝምተኛ ናት፤ ሰው ሲያወራ መስማት እንጂ መመለስ ብዙም አይሆንላትም። የዚያን ቀን ግን አንጀቷ አርሮ ነበርና አፏ አመለጣት።

«ተቀደምኩ እንጂ አልተሸነፍኩም» አለች። «የቆመ ሰው ማለፍ ግንድ ማለፍ ነው።»

ይቺ ንግግር ከሐርቡ ተነስታ ኮምቦልቻን አቋርጣ ፒያሳ ስትደርስ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ጫማ ሊለካ የገባ ሁሉ ወርቄን «እንዴት ነው፣ ግንድ አለፍሽ አሉ?» ይላት ጀመር።

የዓመቱ ተከታታይ ውድድር አራት ነው። በየዕድሜ ምድቡ አንደኛ የወጣ አስር ነጥብ፣ ሁለተኛ የወጣ ስምንት ይይዛል። ደሴ ላይ ወርቄ ቀደመች፤ ኮምቦልቻ ላይ ራሂማ ቀደመች፤ ሐርቡ የሆነው ሆነ። ወርቄ ሃያ ስምንት፣ ራሂማ ሃያ ስድስት። የቀረው አንድ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር። ራሂማ እዚያ ከቀደመች እኩል ሠላሳ ስድስት ይሆናሉ። ሕጉ ደግሞ ነጥብ እኩል ከሆነ የመጨረሻውን ሩጫ የቀደመች ዋንጫውን ትወስዳለች ይላል።

ራሂማ ስምንት ልጅ ካለበት ቤት ሰባተኛ ሆና ነው የተወለደችው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ከማሽን ማሽን ስትመላለስ፣ ያንን ሁሉ እርምጃ ማንም ቆጥሮላት አያውቅም። አሁን ግን የፈተላ ክፍል ሴቶች የሻይ ብርጭቆ ከሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ ብርጭቆውን ወደ ዳር ገፋ አድርገው ለዋንጫው ቦታ አዘጋጅተዋል። በየቀኑ ያንን ባዶ ቦታ እያየች ነው ሻይ የምትጠጣው። ዋንጫውን እንዲህ ፈልጋው ነበር፤ ወላሂ፣ ይህን ያህል የፈለገችው ነገር በዕድሜዋ አልነበረም።

ባሏ መሕሙድ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንደ ቤቱ ደረጃ ነው የሚያውቀው። ማታ ማታ መሬት ላይ በጠመኔ ኩርባውን እየሳለ ያስጠናት ጀመር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዘ የሚወርድ ሹፌር ታች ሲደርስ ፍሬን አይኖረውም ይላታል። ወደ ኋላ ተለጥጠሽ በተረከዝሽ አትርገጪ፤ እርምጃሽን አሳጥሪና በከባድ ማርሽ ውረጂ። ራሂማ ትሰማለች። መስማት ሥራዋ ነው። እንደዚያ እያደረገች ስትለማመድ እውነትም ጉልበቷ መቃጠሉን አቆመ።

አንድ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ግን የመሕሙድ ጠመኔ ይቆማል። ከሐረጎ መውረጃ ሦስተኛው ኩርባ። እዚያ የመሕሙድ አባት ሸህ ሙዓዊያ አሉ።

ሸህ ሙዓዊያ በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ከቤታቸው ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ላላፊ አግዳሚው ዱዓ ያደርጋሉ። ሚኒባስም ሆነ አይሱዙ፣ የእስላምም ሆነ የክርስቲያን መኪና፣ እሳቸው እጃቸውን ካነሱ ይቆማል። ሹፌሩ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ይዘረጋል፤ ተሳፋሪው ይዘረጋል፤ «አሚን» የሚለው «አሚን»፣ «አሜን» የሚለው «አሜን» ይላል። ወሎ ውስጥ የተነሳ እጅ አልፎ የሄደ ሰው ቢኖር እንኳ ሄድኩ ብሎ አያወራም። ራሂማ ደግሞ አላፊ አግዳሚ ብቻ አይደለችም፤ የልጃቸው ሚስት ናት። መሕሙድ አንድ ቀን በስልኩ ለካው። የሸህ ሙዓዊያ ዱዓ ልክ ሃምሳ ሰከንድ ነው።

ያን ቀን ብቻ ቤት ይዋሉ ብለህ ብትነግራቸውስ ስትለው መሕሙድ ጠመኔውን ጣለ።

«አባቴን ዱዓ አታድርግ ልበለው? አንቺ በይው።»

እሷም አልቻለችም። ሁለት ጊዜ ቡናና ስኳር ይዛ ሄዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ እግራቸው ስር ተቀምጣ ስለ ጤናቸው ጠይቃ ተመለሰች። ወርቄ ሩጫ ላይ ሆና ለማታውቃቸው ሽማግሌ ትቆማለች ብሎ ያሰበ ደግሞ የለም። ስለዚህ የቀረው ዘዴ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወርቄን በሃምሳ ሰከንድ ቀድሞ መድረስ። ይህ ሒሳብ ከመሕሙድ ወደ ባልደረባው ወደ በላቸው፣ ከበላቸው ወደ መስመሩ ሹፌር ሁሉ ደረሰ። ሹፌሮቹ ደሴ መናኸሪያ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ በፊት «ሃምሳው ይሞላል?» ይባባሉ ጀመር።

ቀኑ ደረሰ። እሁድ ጠዋት የደሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ራሂማ ረጅም እጅጌዋንና ጥቁር ሒጃቧን አድርጋ፣ ቁጥሯን ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ አሲዛ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ቆመች። ወርቄ አጠገቧ መጥታ ዛሬ ስንት ዘመድ መንገድ ላይ እንዳለ ጠየቀቻት። ራሂማ ፈገግ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀች። ልቧ ግን እንደ ማሽን ክፍል ይጮህ ነበር።

ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ቦታ ሲያልፉ ወርቄ ትመራለች። ወርቄ የዳገት ሰው ናት፤ ደሴን ስትወጣና ስትወርድ ነው ያደገችው። ሐረጎ ዳገት ላይ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቀች። ራሂማ ጀርባዋን እያየች አልተጣደፈችም። ሃያ ሁለት ዓመት ማሽን አጠገብ የቆመ ሰው፣ የተበጠሰ ክር በጥድፊያ እንደማይቀጠል ያውቃል። ጫፉ ላይ ደርሰው መንገዱ ወደ ታች ሲያዘነብል፣ ከታች የኮምቦልቻ ሜዳ በጉም ውስጥ ብልጭ ሲል፣ እርምጃዋን አሳጠረች። ከባድ ማርሽ አስገባች።

አንደኛው ኩርባ ላይ ደረሰችባት። ወርቄ ወደ ኋላ ተለጥጣ በተረከዟ ቷ ቷ እያለች ትወርዳለች፤ ፍሬን ይዛለች ማለት ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አለፈቻት። አየሩ ጆሮዋ ላይ ይዘፍናል፤ እግሯ የሷ አልመስላት አለ፤ አርባ ሰባት ዓመቷ የት እንደሄደ እንጃ። ዳር የቆሙ ሰዎች እልልታቸውን አቀለጡት። ዞር ብላ አየች። አስራ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ሃምሳ አይሞላም።

ሦስተኛው ኩርባ መጣ። ሸህ ሙዓዊያ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ መንገዱ ዳር ቆመዋል። ራሂማ ዋንጫውን፣ መደርደሪያውን፣ ሁሉንም በልቧ ተሰናበተችና ፍጥነቷን ቀነሰች። መዳፏን ልትዘረጋ ስትል ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ታች ወደ ኮምቦልቻ ቀሰሩ።

«እንዳትቆሚ! ያንቺን ዱዓ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሶላት ላይ ጨርሸዋለሁ፤ ሂጂ!»

ለካ በላቸው ሁሉን ነግሯቸው ኖሯል። ራሂማ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። «አላህ ያቆይልን፣ አባባ!» ብላ እንደ ጥይት ወረደች። ሃምሳ ሰከንዱ ቀረላት ማለት ነው! ክንፍ ቢኖራት ኮምቦልቻ ላይ ታርፍ ነበር።

የሐረጎ መንገድ ተጠምዝዞ ነው የሚወርደው፤ ከታችኛው ኩርባ ላይ ሆኖ የላይኛው ይታያል። ራሂማ አራተኛው ላይ ደርሳ ቀና ስትል ወርቄን አየቻት። ወርቄ ቆማለች። አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት መዳፏን ከፍታ። ሸህ ሙዓዊያ እጃቸውን አንስተውላታል። እንግዳ ናታ፤ የሷ ሱብሂ ላይ አልተደረገላትም። ብታልፍ ማን ይከሳት ነበር? ሩጫ ላይ ናት፤ አማቷም አይደሉ። ግን የወሎ ልጅ ናትና የተነሳ እጅ አላለፈችም። ሐርቡ ላይ የሳቀችው ወርቄ፣ እዚያ ላይ ቆማ ነጥቧ ሲፈስ እያየች «አሜን» ትላለች።

ራሂማ ጥቂት እርምጃ ሮጠች። ከዚያ ያ የገዛ አፏ ያወጣው ነገር ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ጆሮዋ ላይ ተቀመጠ። የቆመ ሰው ማለፍ ግንድ ማለፍ ነው። ይህን ያለ ሰው ዛሬ ዋንጫ ይዞ ወደ ፈተላ ክፍል ሲገባ፣ መደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጠው ምኑን ነው? ግንድ? እሷ ብትረሳው ፒያሳ አይረሳውም። ፒያሳ ቢረሳው፣ በልብ ያለውን የሚያይ ጌታ አለ።

እግሯ ቀስ አለ። ከኩርባው በታች የውሃ ጠረጴዛ ነበር። ራሂማ ብርጭቆ አነሳች፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ቢስሚላህ ብላ እንደ ነቢዩ ሱና በሦስት ትንፋሽ ጠጣች። ውሃ የሚያድለው ሰውዬ ደነገጠ። አመመሽ እንዴ፣ እየመራሽ እኮ ነው አላት። እሷ አላመመኝም ብላ ብርጭቆውን አመስግና መለሰች። ከመንገዱ ማዶ ሩጫውን ሊያይ የወጣው በላቸው አናቱን በሁለት እጁ ይዞ ባለበት ይሽከረከራል።

ሦስተኛዋ ሯጭ ገና ዳገቱን አልጨረሰችም። ወርቄ እየተንደረደረች ስትመጣ ራሂማ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ምን ሆነሻል? ተሰበርሽ?»

«ግንድ ማለፍ አልወድም» አለች ራሂማ፣ ቀሚሷን አራግፋ እየተነሳች።

ወርቄ ወደ ላይ ወደ ኩርባው አየች፤ ከዚያ ወደ ራሂማ። ገባት። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ኋላ ብታለቅሽ አላባብልሽም።»

«ሩጪ፣ አንቺ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሁሉ ዛሬም ቆሞ ነው የሚያወራው። ትከሻ ለትከሻ ወረዱ። አንዷ ስትቀድም ሌላዋ ትደርሳለች። ወርቄ የራሂማን አረጋገጥ አየችና እሷም እርምጃዋን አሳጠረች፤ ተማረችባት! ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወርቄ አስር እርምጃ ወጣች። የኮምቦልቻ ፀሐይ ግን የደሴ ፀሐይ አይደለችም። ለራሂማ ያ ሙቀት የገዛ ቤቷ ነው፤ የፈተላ ክፍሉ ከዚያ ይብሳል። ወርቄ አንገቷን መጥረግ ስትጀምር ራሂማ ገና መጀመሯ ነበር።

አደባባዩ ታየ። የፈተላ ክፍል ሴቶች የሻይ ትሪ እየደበደቡ ስሟን ይጠራሉ። ወርቄ ላይ ለመድረስ አምስት እርምጃ ቀራት። ሦስት። በዚህ መሐል ራሂማ ከሰዉ ፊት እትዬ ውዱን አየቻቸው። ከሐርቡ ድረስ መጥተዋል። ልቧ ስንጥቅ አለ። እትዬ ውዱ ግን ሁለት እጃቸውን ከጀርባቸው አድርገው እርስ በርሱ ጨምድደው ይዘውታል፤ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረዋል፤ የማያውቋት ሰው መስለዋል። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ራሂማ ያንን የታሰረ እጅ ስታይ ከየት እንደሆነ የማታውቀው ጉልበት መጣላት። ከወርቄ ጋር እኩል ሆነች። የመጨረሻዎቹን ሃምሳ እርምጃዎች ዓይኗን ጨፍና ነው የሮጠቻቸው። ክሩ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ወርቄ ከኋላዋ በሁለት እርምጃ ነበረች።

ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ተዘረሩ። ራሂማ እዚያው ግንባሯን መሬት አስነካች። እትዬ ውዱ አሁን እጃቸውን ፈተው መጥተው አገላብጠው ይስሟት ጀመር፤ ያቺን ጥጃ ስም እንዳወጡላት ሁሉ ነገሯት። ወርቄ ትንፋሿ ሲመለስ ቀድማ የተናገረችው ነገር «ነጥባችን እኩል ነው፤ ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ ስድስት» የሚል ነበር። ፒያሳም ላይ እስከ ዛሬ የምትለው ይህንኑ ነው። ስለ ግንድ ግን ማንም ደግሞ አላነሳም።

ዋንጫው ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። የፈተላ ክፍል ሴቶች ስኳር ያስቀምጡበታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሕሙድ ከሥራ ሲመለስ እየሳቀ ነው የገባው። ወርቄ በሱ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረጎ ሦስተኛው ኩርባ ላይ «ወራጅ አለ» ብላለች። ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ጥንድ ጫማ ይዛ ሸህ ሙዓዊያ ፊት ቁጭ ብላለች። ሽማግሌው ያን ቀን ስላቆሟት አፉ በይኝ አሏት፤ ስምሽን ባውቅ ኖሮ ያንቺንም ሱብሂ ላይ እጨርሰው ነበር አሏት።

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁት፣ አባባ» አለች አሉ ወርቄ። «ወርቄ እባላለሁ። ለሚመጣው ዓመት ይያዙልኝ።»