የአውሮፕላኑ ጀርባ

ጃፓን ስማር ቤታቸውን ያከራዩኝ ወይዘሮ ሃሩኮ ባለፈው ዓመት አንድ ክንድ የሚያህል የእንጨት አውሮፕላን ላኩልኝ። ታላቅ ወንድማቸው ኬንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተኳሽ ሆኖ የሞተበት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አምሳያ ነው። ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጪልኝ ብለው ስለለመኑኝ ቃል ገባሁና መሐል ሜዳ ከተማ ከሚገኝ አንድ የሕዝብ ንባብ ቤት አኖርኩት። የማብራሪያ ካርዱንም ራሴ ጻፍኩ፤ «አውሮፕላኑ በአፍንጫው፣ በጀርባው፣ በሁለቱ ጎኖቹና በጅራቱ የመከላከያ መትረየሶች ነበሩት።» የንባብ ቤቱ ኃላፊ ወንድምአገኝ አማርኛዬን አደነቀልኝ። ሙገሳ በዚህ ዕድሜም ይጥማል።

በገበያ ቀን አቶ ተገኘ ገቡ። መርሐቤቴ ተወልደው እዚሁ አቅራቢያ ዘመሮ ላይ በግ የሚያረቡ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ ሰው ናቸው። ካርዱን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡና መትረየሱ ከማን እንደሚከላከል ጠየቁኝ። ሊመቱት ከሚመጡ አውሮፕላኖች ነው አልኳቸው። እነዚያስ የማን ናቸው አሉ። የእነዚያው ቦምብ የሚወርድባቸው ሰዎች ናቸው ስል የገዛ መልሴ ጎረበጠኝ።

«እንግዲህ እመት ማዕረግ፣ ሌባ በጌን ከበረት እየነዳ ሲወጣ ልይዘው ብሮጥ፣ እሱም ዞሮ በዱላ ቢለኝ፣ ተከላከለ ይሉኛል?»

ወንድምአገኝ ቃሉ የሙያ ቃል እንደሆነ፣ በየመጽሐፉም እንዲሁ እንደሚጻፍ ሊያስረዳ ሞከረ። አቶ ተገኘ ዘወር ብለውም አላዩት። የአውሮፕላኑን ጀርባ ነኩ።

«የዚህ ጀርባ ጠባቂ ነበረው። የእናቴን ጀርባ በልጅነቷ የጣሊያን አውሮፕላን የረጨው መርዝ ላጠው። ስድስት ወልዳ አንዳችንንም አዝላ አታውቅም።»

ደሜ ፈላ። በእሳቸው የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ቀጥሎም በወንድምአገኝ። የተቆጣሁት ግን በራሴ ነው። ያን ሁሉ አገር ዞሬ፣ ያን ሁሉ ተምሬ፣ የሰው ቤት ሊያቃጥል የወጣን ብረት «መከላከያ» ብዬ በገዛ እጄ አከበርኩት። ወንድምአገኝ ጠብ እንዳይነሳ አውሮፕላኑን ወደ መጋዘን ልውሰደው ሲል ደግሞ ለወይዘሮ ሃሩኮ የገባሁት ቃል ከእጄ ሊወጣ ሆነ።

«አይነሳ፤ ይታይ» አሉ አቶ ተገኘ። «ጽሑፉ ይቃና እንጂ።»

ያን ጊዜ ኬንጂ ለእህቱ የጻፈው፣ ወይዘሮ ሃሩኮም በተማሪነቴ ያነበቡልኝ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። የተቀመጠው በጅራቱ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። ፊት ያሉት መንገዱን ያያሉ፣ የሚነደውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ ብሏታል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የብቸኝነት ወሬ አድርጌ ቆጥሬው ኖሯል።

ካርዱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ፤ «መትረየሶቹ ቦምቡን ሊያስቆም የሚመጣውን ሰው ይመቱ ነበር። በጅራቱ የተቀመጠው ኬንጂ የሚነደውን ያይ ነበር።»

አቶ ተገኘ በጣታቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ በጎቻቸው ሄዱ።

የአዲሱን ካርድ ትርጉም ለወይዘሮ ሃሩኮ ልኬላቸዋለሁ። ደብዳቤ ሳይመልሱ የማያሳድሩት ሴትዮ፣ ይኸው ሦስተኛ ወራቸው፣ አልመለሱልኝም።