ከአንድ ጣሳ የወጣ ቀለም

ሰዓዳ ልጇን የእንጨት አልጋው ላይ ስታስተኛው፣ ልጁ በአባቱ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ይገኛል። ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ዝናቡ ሲያባራ ነው። መጀመሪያ ያወቀው አባትየው ይመር ነበር፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ መንገደኛ ሲጠብቅ ቆይቶ ስልክ ደወለ።

«አንች፣ ልጁን መኪናው ውስጥ ረስተሽዋል እኮ።»

«የት ተረስቶ? አሁን አስተኛሁት።»

«እዚህም ተኝቷል» አለ ይመር። «ብርድ ልብሱን እንደ ለበሰ።»

ሰዓዳ ጓዳ ገብታ አየች። አልጋው ባዶ ነው፤ ፍራሹ ግን ገና ይሞቃል። ይመር ነስሩን ይዞ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ልጁ ደህና ነበር። ጉንጩ ላይ የወንበሩ ስፌት ታትሞበታል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ይመር በአሮጌ የቤት መኪና ኮንትራት ይሠራል። የመኪናዋ ሆድ ግራጫ ፕላስቲክ ነበር፤ ግራጫ ደግሞ የሰው ጫማ የነካውን ሁሉ ያሳብቃል። ክረምቱ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝበት የበሮቹን ፕላስቲክ፣ ዳሽቦርዱን፣ የማርሹን ዙሪያ ብሎን በብሎን ፈትቶ ግቢው ውስጥ ዘረጋው። በሳሙና አጠበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ከዚህም ከዚያም የተራረፈ ቀይና ጥቁርና ቡኒ በአንድ ጣሳ ደባልቆ ቀባው። የወጣለት ቀለም ቁርጥ ጉበት ነው። መልሶ ሲገጥመው መኪናዋ ከውስጥ የተከፈተ ከብት መሰለች። ለእሱ ግን አማረችለት። «እንግዲህ ቆሻሻ ቢነካት ማን ያያል?» አለ።

ጣሳው ሥር ጥቂት ተረፈ። ሰዓዳ ባደገችበት ቤት ትርፍ አይደፋም። የተረፈ ሊጥ ቂጣ ይሆናል፣ የተረፈ ጨርቅ መጣፊያ ይሆናል፤ የሚደፋ ሰው በረካው ይሸሸዋል ይባላል። ስለዚህ በተረፈው ቀለም የነስሩን አልጋ ቀባችበት። ጣሳውን በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው። ከዚያን ቀን ወዲህ የመኪናዋና የአልጋው ውስጥ አንድ ሆነ።

ነስሩን መሬት ፍራሽ ላይ፣ ከጎኗ ማስተኛት ጀመረች። ነገሩ ግን ወደ ቤትም ይመጣ ኖሯል። አንድ ቀን አልጋው ላይ የሰው ጃንጥላ አገኘች፤ ሌላ ቀን እርጥብ ሸራ ጫማ። አንድ ጁምዓ ረፋድ ላይ ልብስ ልታጥፍ ስትገባ ደግሞ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው አጥፈው የልጁ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወራጅ አለ» አሉ።

«እዚህ ነው የሚወርዱት አባ?»

ሽማግሌው ግድግዳውን አዩ፤ የተደረደረውን ሳህን አዩ። «አይደለም። ሹፌሩ ወሬ ይወዳል፤ ሳያሳልፈኝ አልቀረም።»

እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው። በሩን አሳየቻቸው። መርቀዋት ሄዱ። ከሄዱ በኋላ በሩን ቀረቀረች። እኚህ ደግ ሆኑ፤ ልጇ የሚተኛበት ጓዳ ቀጥሎ ማን እንደሚወርድበት በምን ይታወቃል?

ይመር ለምሳ ሲመጣ ነገረችው።

«አልጋውን ፈግፍጊው» አለ። «የመኪናዋን አልነካም፤ ሰዉ ወዶታል።»

በነጋታው ጠዋት አልጋውን ግቢ አውጥታ እንጨቱ እስኪነጣ ድረስ ፈገፈገችው። ብናኙ ቀሚሷ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ አጠገቧ በተቀመጠው ነስሩ ላይ አረፈ። ነስሩ ገና መቀመጥ የለመደ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ሰዓዳ ቀና ስትል የልጁ ከንፈር ጉበት መስሏል። አፉን በጣቷ ጠረገችለት። የዋጠውን ግን ውጦታል።

አላለቀሰም፤ አላስመለሰውም። አጠበችውና ጡት ሰጠችው። ገና ሳይጠግብ ስልኩ ጮኸ።

«አንች፣ መኪናዋ ታፈሳለች» አለ ይመር።

«ዝናብ የለም እኮ።»

«ዝናብ አይደለም። ከጣሪያው ነው። ቀመስኩት። ወተት ነው። ይሞቃል።»

ሰዓዳ ልጁን ከጡቷ አላቀቀችው።

«አሁንስ?»

«አሁን ቆመ።»

«ሰው ይዘሃል?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ውረድ እንግዲያ።»

«በሩ አልከፈት ብሎኛል። ውጭውም ጨልሟል። እናንተ ጋ መሽቷል እንዴ?»

«ፀሐይ ነው።»

«እንግዲህ መስተዋቱን በክሪኩ ልስበረው» አለና አንድ ጊዜ መታ።

ነስሩ ክንዷ ላይ ዘለለ። የደረቱ ቆዳ በጎድኖቹ መሐል ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ተመለሰ።

«አትስበር!» አለች ሰዓዳ። እንዲህ ጮኻ አታውቅም።

«ምነው?»

ያየችውን ነገረችው። ይመር ክሪኩን ቀስ አድርጎ ሲያስቀምጠው በስልኩም፣ በልጁ ደረትም ሰማች።

«እሽ» አለ። «እንግዲያስ ጡት አትስጭው። መላ እስክንመታ።»

«እስከ መቼ?»

«ወተቱ ጉልበቴ ድረስ ደርሷል፣ ሰዓድዬ» አለ። ስልኩ ተቋረጠ።

ቀትር ሲሆን ነስሩ ራበው። በፊት ተነጫነጨ፤ ቀጥሎ ለቅሶውን ለቀቀው። ሲያለቅስ አፉ ይከፈታል፤ ሲከፈት ሰዓዳ ከምላሱ ኋላ ዳሽቦርዱን ታያለች። ይመር የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሲያያት አንድ እጁን አነሳላት። የልጁ አፍ ተዘጋ። እሽሩሩ አለችው፣ ግቢውን ዞረች፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ጡቷ የልጁን ለቅሶ ሰምቶ ቀሚሷን አራሰው።

ጎረቤቷ እትዬ ጦይባ በአጥሩ ብቅ አሉ። ብዙ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ምን ሆነ ይኼ ልጅ? ሰፈሩን አቃጠለው እኮ!»

«ርቦት ነው።»

«ርቦት? ጡትሽን ለጌጥ ነው የያዝሽው? ይኸው ልብስሽን አርሶታል!»

«ዛሬ አይጠባም፣ እትዬ።»

«ማን አባቱ ከልክሎት?»

«አባቱ» አለች ሰዓዳ።

እትዬ ጦይባ ሳቁ። በዚህ ሰፈር የሚያለቅስ ሕፃን የእናቱ ብቻ አይደለም፤ የሰማ ሁሉ ያገባኛል ይላል። ስለዚህ ገቡ፤ ነስሩን ተቀበሏት፤ ትከሻዋን ተጭነው ዱካው ላይ አስቀመጧት፤ የቀሚሷን ቁልፍ ራሳቸው ፈቱት፤ ልጁን መልሰው አስታቀፏት።

«ወንድ ስለ ጡት ምን ያውቃል! ቢስሚላህ በይና ስጭው።»

ሰዓዳ ጡቷን በመዳፏ ጋረደችው። ነስሩ በድዱ ጣቶቿን እየዳበሰ ፈለገ። አፉ ሲሰፋ ወደ ውስጥ አየች። ይመር የወንበሩን ቀበቶ እያሰረ ነበር። አስሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ አያትና በእሽታ ራሱን ነቀነቀላት።

መዳፏ ወረደ። ልጁ ጡቱን ያዘ።

«ይኸው» አሉ እትዬ ጦይባ። «ዝም አለ።»

ግቢው ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ፣ ከነስሩ ሆድ፣ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ሲል ተሰማ። ልጁ በዋጠ ቁጥር ይፈጥናል።