ዳዊት በሁለት ረድፍ

መምህር ተስፋማርያም ቁጣው ከአፍንጫው ጫፍ የማይርቅ ሰው ነበር። አራዳ ውስጥ ለአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ያስተረጉማል፤ እሁድ እሁድ ከጊዮርጊስ በታች ባለችው የካቶሊክ ጸሎት ቤት ሃይማኖት ያስተምራል። ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በኋላ በመጣው ክረምት ነጋዴው ወደ እንግሊዞች ጸሎት ቤት ይዞት ሄደ። እዚያ ካህኑ የዳዊትን ግማሽ ስንኝ ሲል ሕዝቡ ቀሪውን ይመልሳል፤ ሱቅ ጠባቂው ሳይቀር አፉን በፈታበት ቋንቋ ይጸልያል።

ተስፋማርያም በቅናት ተቃጥሎ ተመለሰ። በእሱ ጸሎት ቤት ካህኑ አባ ገብረአምላክ ወደ መንበሩ ዞረው በላቲን ሲያንሾካሹኩ፣ ሕዝቡ ከኋላ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ቅዳሴው ለብቻው፣ ሕዝቡ ለብቻው። ከመናፍቅ ምን እንማራለን የሚሉትን፣ ዳዊትን እንግሊዝ አልጻፈውም እያለ ይሞግታቸው ነበር። የቤታችን ዕቃ ጎረቤት ዘንድ ቢገኝ ማምጣት ነው እንጂ ጎረቤትን መርገም ምን ይፈይዳል?

ሕዝቡ ዳዊቱን በአማርኛ እየተቀባበለ ይበል ብሎ አባን ክረምቱን ሙሉ ነዘነዛቸው። በመጨረሻ ለአንድ እሁድ ማታ ፈቀዱለት፤ ከተበላሸ ግን ነገሩን ዳግመኛ እንዳያነሳባቸው አስማሉት።

እሁድ ደረሰ። ሕዝቡን ቀኝና ግራ ከፍሎ አቆመና ዳዊቱን በአማርኛ ጀመረ። መጀመሪያ የሚሰማው ሳል ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ቀኙ ሲጥል ግራው እያነሣ ድምፁ ሞቀ፤ መቁጠሪያዎቹ ሁሉ ሥራ ፈቱ። አባ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ተስፋማርያም ልቡ አበጠ።

እዚያ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። እንግሊዞቹ ግን በደላቸውንም በአንድነት ይናዘዛሉ፤ እሱም ያንን ጸሎት ተርጉሞ ይዞ ነበር።

«አሁን በደላችንን በአንድ ድምፅ ለእግዚአብሔር እንናገራለን» አለ።

ይህ ሕዝብ ኃጢአት በስሙ ተጠርቶ ለነፍስ አባት እንደሚነገር እንጂ፣ በጅምላ እንደሚነገር ማን ነግሮት ያውቃል? በትግርኛ እናት ለማለት አደይ ምብራት የሚባሉ አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት ወጡ።

«የአክበረትን ዶሮ የበላሁት እኔ ነኝ። ሽለምጥማጥ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ጎረቤታቸው አክበረት ከግራው ረድፍ ቀና አለች። «አደይ፣ ያን ምስኪን አውሬ ስረግም ከረምኩ እኮ! ለነገሩ ወጡ ሸቶኝ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ታመሰ። አንድ ሽማግሌም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተራ ሲይዙ፣ ሚስታቸው ጋቢያቸውን ጎትተው አስቀመጧቸው። አባ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሳቁ ተቆረጠ። ተስፋማርያም አበቃልኝ አለ።

አባ ሁለቱን ሴቶች አቀራርበው አሳሳሟቸው፤ ሕዝቡንም ባርከው አሰናበቱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ንስሐው ወደ ጆሮዬ ይመለስ።»

ተስፋማርያም ደሙ ፈላ። የጋራው ንስሐ የእያንዳንዱን እንደማይሽር፣ ጥፋቱ የጸሎቱ ሳይሆን አስቀድሞ ያላስረዳው የእሱ እንደሆነ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ወዲያው አባ ስለ ዳዊቱ አንድም ክፉ ቃል እንዳልተናገሩ ልብ አለ። ክርክሩን ቢያነሳ ሁሉንም ሊያጣ ነው። የተረጎመውን ጸሎት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እሺ፣ አባ» አለ በመጨረሻ። «የጋራው ንስሐ ይቅር።»

አባ ቆባቸውን አስተካክለው ወደ በሩ አመሩ።

«ግራው ረድፍ ድምፅ ያንሰዋል» አሉ ሳይዞሩ። «ለሚመጣው እሁድ እኔ እዚያ እቆማለሁ።»