እጅ ሲጠቀለል እምቢ አይባልም

ማስታወቂያ ለጣፊው ብሩሹን ሙጫ ውስጥ ነክሮ የብረት በሩን ሲቀባ ነበር ግንደ ቆርቁር ከኋላው የደረሰው።

«ምንድን ነው የምትለጥፈው?»

ሰውየው ዞር እንኳ አላለም። «ማንበብ ከቻልክ አንብበው፤ ካልቻልክ የሚያነብልህ ፈልግ።»

የሚቀጥለውን ቃል አልጨረሰም። አንዲት ቡጢ ናት ያረፈችበት። መንጋጋው ቀጭ አለ፤ ጭንቅላቱ ከብረቱ ጋር ተላተመና እንደ እርጥብ ልብስ ታጥፎ ወደቀ። ባልዲው ተገለበጠ። ሙጫውና ደሙ ተቀላቅለው በደጃፉ ወደ መንገዱ ይፈሱ ጀመር።

የግንደ ቆርቁር እናት ድምፅ ሰምተው ሲወጡ ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። የወደቀውን አዩ፤ የልጃቸውን እጅ አዩ።

«ምን አደረገህ?»

ወረቀቱን ዘረጋላቸው። ወረቀቱ ይህ ቤት በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን ይናገራል። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከምንም ሳይቆጥሩ ተንበርክከው የሰውየውን አፍ በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። «የሰው ልጅ እኮ ነው፣ አንተ! የእንጀራ ነገር ሆኖበት ተልኮ የመጣ የሰው ልጅ!»

እንግዲህ ግንደ ቆርቁር ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቦክሰኛ ነው። ስሙን ያወጡለት ተመልካቾች ናቸው። እንደዚያች ግንድ የምትወቅር ወፍ ግራ እጁን አንድ ቅንድብ ላይ፣ አንድ ጎድን ላይ ቷ ቷ ቷ እያደረገ ቦታው እስኪከፈት ድረስ አይለቅም ነበር። በዚያች ግራ እጅ ያልገባበት ትልቅ አዳራሽ የለም። ገንዘቡም መጣ፣ ለሰባት ትውልድ ይበቃል የተባለ ገንዘብ። በመጀመሪያው ደህና ክፍያ ለእናቱ የገዛው ይህንን ቤት ነው። ሌላው ሁሉ መጥቶ ሄደ፤ ሕንፃውም፣ መሬቱም፣ መኪኖቹም። ቤቱ ብቻ ቀረ። እናቱ ከዚህ ከወጡ ደግሞ የሚገቡበት የላቸውም።

ሰውየውን በታክሲ አሳፍሮ፣ ከእናቱ ጋር ወደ ሐኪም ቤት ላከና ወደ ጂሙ በረረ።

ታላቅ ወንድሙ ከተንጠለጠሉት የአሸዋ ከረጢቶች አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራል። «ጋሼ» ነው የሚለው። ቦክስ ከጀመረ ጀምሮ ውክልና ሰጥቶታል፤ የሚፈረመውን ሁሉ የሚፈርምለት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ የእማዬን ቤት ምን አደረግከው?»

ወንድሙ ስልኩን ዘጋ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ባለ ጋራዡ ከባንክ ለተበደረው በዋስትና አስይዘነው ነበር። እሱ መክፈል ሲያቅተው ጊዜ…»

ቡጢው ሆዱ ላይ አገኘው። ጎንበስ ሲል ሁለተኛው አፉን መታው። ከረጢቱን ሊይዝ ሞከረ፤ ከረጢቱም ይዞት ዞረና መሬት ላይ ጣለው። ግንደ ቆርቁር ላዩ ላይ ወጥቶ አንገቱን አነቀው። «ሌባ! በአንድ ጡት አድገን! ሌባ!» እያለ ጭንቅላቱን ከሲሚንቶው ጋር አላተመው። ሽማግሌው አሠልጣኝ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ባይደፉበት ኖሮ ወንድሙን ገድሎ ነበር።

ወንድሙ ተንጋሎ የተሰበረ ጥርሱን ተፋ። ቀጥሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ።

«እኔ ሌባ ብሆንማ አንድ ነገር ተርፎን ነበር፣ አንተ ከንቱ! እኔ መች ሰረቅኩ? አንተ ነህ እሺ ያልከው። ግራኙ ከሚሉት ቦክሰኛ ጋር ልትጋጠም እጅህ ሲጠቀለል ባለ ጋራዡ ገብቶ አልጠየቀህም? ‹ጋሼ፣ ፈርምለት› አላልከኝም?»

የግንደ ቆርቁር እጅ አየር ላይ ቀረ። ብሏል። አሁን ትዝ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግጥሚያ በፊት አሠልጣኙ የቦክሰኛውን እጅ በፋሻ ይጠቀልላሉ፣ በፕላስተር ያስራሉ፤ ከዚያ ተቆጣጣሪው መጥቶ ፊርማውን ፕላስተሩ ላይ ያኖራል። ከዚያ ወዲያ ብዕር መያዝ ቀርቶ አፍንጫን ማከክም የለም። ግንደ ቆርቁር ጀማሪ ሳለ አንድ አጎቱ በዚያች ሰዓት ገብቶ ርዳኝ አለው፤ አሁን አይደለም ብሎ መለሰው። አጎትየው ከንፈሩን መጥጦ ወጣ። በዚያን ቀን በመጀመሪያው ዙር ተዘርሮ፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ወራት በቀጭን ቱቦ ሾርባ ሲስብ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ማለ፤ የሰው ቅሬታ በላዩ ይዞ የቦክስ መድረኩን ገመድ ላያልፍ።

ወሬው ወጣ። ልምምድ ሲሠራ የሚጠይቀው አንድ ሰው የለም። ግጥሚያ ሲሆን ግን ኮሪደሩ እንደ ክሊኒክ ይሞላል። የአክስት ልጅ ሚኒባስ ልገዛ ነው ይላል፤ አብሮ የተማረ የዓሣ እርባታ ይላል፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ደግሞ «አባትህን አውቃቸው ነበር» ይላል። እሱ ጣቶቹን ዘርግቶ እንደተቀመጠ «እሺ፣ እሺ፣ ጋሼ ፈርምለት» ይላል። ጋሼም ወረቀቱን የማሳጅ አልጋው ላይ ዘርግቶ ይፈርማል። እምቢ ብሎ ታናሹን ለተጋጣሚው ጡጫ ይስጠው? እሱም ፈርቷል።

«አሁን ምን ይሻላል?» አለ ግንደ ቆርቁር፣ ከወንድሙ ላይ ወርዶ መሬት ላይ እየተቀመጠ።

«የቀረ አንድ ግጥሚያ አለ። እሁድ። ባቡሩ ከሚሉት ልጅ ጋር። ክፍያው ቤቱን ያስለቅቃል። ግን ስድስተኛው ዙር ከተደወለ ነው ሙሉው። ከዚያ በፊት ካለቀ ግማሽ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለምንም አይሆንም።»

ሽማግሌው ባዶውን ባልዲ ይዘው ቆመዋል። «የቀኝ ዓይኑስ? ሐኪሙ አንድ ምት ካገኘው ይጠፋል እንዳለ ሰምታችኋል።»

«ዓይን ሁለት አለኝ፣ አባባ» አለ ግንደ ቆርቁር። «እማዬ ግን ቤት ሁለት የላትም።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ወንድሙ ያበጠ ከንፈሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ዛሬ ማንም አይገባም! ለአባቴ ነፍስ ቢሆንም አይገባም!» ሲል ውጭ ያሉት ያጉረመርማሉ። አንዱ «ድሮም ይሄ ወንድምየው ነው መጥፎው» ይላል።

ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የግንደ ቆርቁርን ግራ እጅ ጭናቸው ላይ አድርገው ፋሻውን ያዞራሉ። ይህን ሥራ ሲሠሩ አያወሩም ነበር፤ ዛሬ ግን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላ ሰዓት ግን አላገኝህም። ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ካልሆነች በጋውን አትዘልቅም ብለዋል ሐኪሞቹ። ልቧ ነው። ከዛሬው ላይ የተወሰነ… አበድረኝ ነው የምልህ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ነገር ለምነውት አያውቁም። ኮሪደሩ ላይ ሲጋፋ የኖረው ሁሉ ሲወስድ፣ እሳቸው የሠሩበትን ብቻ ይዘው በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። «እሺ» የግንደ ቆርቁር ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰች። እናቱ ተንበርክከው ያንን ደም ሲጠርጉ ታዩት።

«አይሆንም፣ አባባ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «አልችልም።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። ፕላስተሩን በጥርሳቸው ቀደዱ።

«ጣትህን ዘርጋ» አሉ።

ባቡሩ የተባለው ልጅ ስሙን የሚያሳፍር አልነበረም። ደወሉ ገና ሲደወል መጥቶ ገጨው። የመጀመሪያዋ ቀኝ የግንደ ቆርቁርን ጆሮ አደነቆረች፤ ሁለተኛዋ ጎድኑ ውስጥ የሆነ ነገር ነቀለች። ግንደ ቆርቁር የልጁን ቡጢ ሳይሆን ያንን «አይሆንም» ነበር የሚሰማው። መጣብኝ፣ አለ በልቡ፤ ቅሬታው መጣብኝ። ክንዱ ከበደው። በሁለተኛው ዙር ቅንድቡ ተተረተረ። በሦስተኛው አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ በጉሮሮው ወረደ፤ እየዋጠ ተጋጠመ። ደግነቱ ግራ እጁ ማንንም አትሰማም፤ በራሷ ጊዜ ወጥታ የልጁን ግንባር ትወቅረው ነበር። የልጁም ፊት ተከፈተና ሁለቱም አንድ ዓይነት መሰሉ። ከፊት ወንበር ያሉ ሰዎች ሸሚዛቸው ላይ ደም ሲረጭ በደስታ ይጮኻሉ።

በየዙሩ መሀል ሽማግሌው ቅንድቡን ጨምቀው፣ ጥጥ ወትፈው፣ ቫዝሊን ይለቀልቁታል። ጣታቸው እንደ ወትሮው የለሰለሰ ነው። ግንደ ቆርቁርን ያስፈራው ይኼ ነው። ፎጣዋ ትከሻቸው ላይ ናት። ከወረወሯት ግጥሚያው አበቃ፤ ቤቱም አበቃ። እምቢ ያልኩት ሰው፣ አለ በልቡ፣ የእናቴን ቤት ትከሻው ላይ ይዞታል።

ከአምስተኛው በፊት እጃቸውን ያዘ። «አባባ፣ ፎጣዋን እንዳይወረውሩ። በእማዬ ይዤዎታለሁ።»

«አታውራ። ተንፍስ።»

«የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ብቻ…»

«ተንፍስ አልኩህ እኮ!»

አምስተኛው ዙር ዱላ ብቻ ነበር። ልጁ ማዕዘን ውስጥ አስገብቶ እንደ እህል ወቃው። የቀኝ ዓይኑ ላይ አንዲት አረፈች፤ አንድ ብርሃን ቦግ ብሎ ጠፋ፤ በዚያ በኩል ያለው ዓለም ተዘጋ። ወደቀ። ተነሣ። ዳኛው ጣት እያሳየ ሲጠይቀው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አለ። ደግሞ ወደቀ። ከታች ወንድሙ፣ «ኧረ ይወርውሩለት! ይሞትብናል! ቤቱ ገደል ይግባ!» እያለ ያለቅሳል። ግንደ ቆርቁር በጉልበቱ እንደቆመ በቀረው ዓይኑ ወደ ማዕዘናቸው አየ። ሽማግሌው ፎጣዋን አጣጥፈው አፋቸው ውስጥ ከተው ነክሰዋታል። እንባቸው ይወርዳል። እጆቻቸውን ደግሞ ከኋላቸው አጣምረው ራሳቸው ይዘዋቸዋል።

ተነሣ። ደወሉ ተደወለ። ወንድሙ ጎትቶ አስቀመጠው፤ ሽማግሌው አጠቡት። ስድስተኛው ዙር ተደወለና ከወንበሩ ተነሥቶ አንድ እርምጃ ተራመደ። ያን ጊዜ ነጯ ፎጣ ከኋላው በትከሻው በኩል በርራ በሁለቱ ቦክሰኞች መሀል አረፈች። አዳራሹ በፉጨት ቀለጠ፤ ጠርሙስ ወረደ። ዳኛው እጁን አወዛወዘ። አበቃ። ስድስተኛው ግን ተደውሏል።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሽማግሌው ፋሻውን በመቀስ እየቆረጡ፣ «የቀኙ ጨለማ ነው?» አሉት።

«ጨለማ ነው።»

«ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«አባባ፣ እኔ እምቢ ብዬዎት እርስዎ ግን…»

«ዝም በል አንተ! እኔ ፎጣ ያዥ ነኝ። ፎጣ ያዥ ፎጣውን በሰዓቱ ነው የሚወረውረው።» ይህን ብለው ዞር አሉና አፍንጫቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ከዚያ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ» አሉ።

ግንደ ቆርቁር ተነሣ። በሩን ከፍቶ በባዶ እግሩ፣ ደሙ ሳይጠረግ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ባለ ጋራዡ ፊት ለፊት ነበር።

«አንበሳው! አይዞህ የኔ ወንድም! እኔማ አንዲት ትንሽ ፊርማ…»

«ዛሬ የምለምነው እኔ ነኝ» አለ ግንደ ቆርቁር። በሕይወቱ ለምኖ ስለማያውቅ ቃሉ ጥርሱ ላይ ተሰነቀረበት። «የአባባ ሚስት ልትሞት ነው። ሁላችሁም ከእኔ ወስዳችኋል። ያላችሁን አምጡ።»

ጭብጨባው ቆመ። አንዱ ስልኩን አየ፤ አንዱ ጫማውን አየ። ባለ ጋራዡ ቁልፉን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ «ግንዴ፣ ታውቀኝ የለም እንዴ? እጅ አጥሮኛል እኮ» አለ።

ግራ እጅ ሳይታሰብ ወጣች። ያበጠች፣ ባዶ እጅ። የባለ ጋራዡ አፍንጫና የግንደ ቆርቁር ጣት አንድ ላይ ተሰበሩ። ሰውየው በግድግዳው ተንሸራትቶ ተቀመጠ፤ ቁልፉ መሬት ላይ ተንቀጫቀጨ።

«ከእኔ የወሰዳት መኪና እስከ ዛሬ በስሜ ናት» አለ ግንደ ቆርቁር፣ ቁልፉን አንሥቶ ለሽማግሌው እየሰጠ። «የስም ማዛወሪያውን ለመክፈል ሰስቶ ነው። ይሽጧት፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። መሸንገል አያውቁም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ግን ይህች ብቻዋን አትበቃም።»

«አውቃለሁ» አለና ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጋሼ፣ በእኔ ስም የሚነዳ ሌላ ማን ማን አለ?»

ወንድሙ ጥርስ በጎደለው አፉ አንድ ስም ሊጠራ ሲል ኮሪደሩ ውስጥ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። የአክስት ልጅም፣ አብሮ የተማረውም፣ አባቱን አውቃለሁ ባዩም በአንዲት ጠባብ በር ሊወጡ ይረጋገጣሉ። ግንደ ቆርቁር ተከተላቸው። በቀኝ በኩል ስለማያይ በየጥቂት እርምጃው ትከሻው ከግድግዳው ይጋጭ ነበር፤ ግን አልቆመም።