ከግድግዳ የወጣ ቀለበት

ሲስተሯ የሰደበችኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ የተመላላሾች ክፍል በሰው ጢም ብሎ ሳለ ነው። ታናሽ ወንድሜን ላስመረምር ይዤው ሄጄ፣ ሱሪውን ገለጥ አድርጋ ቁርጭምጭሚቱን አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ውሻ ነው እንዴ የምታሳድገው?" አለችኝ። አንተ! ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷማ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

እኔ ብረት በያጅ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ንቀት ለማንበብ ግን ፊደል አያስፈልግም።

ወንድሜን የአእምሮ ሕመሙ የጀመረው ጊዜ ያመጣሁት እዚሁ ሆስፒታል ነበር። ያኔ በሽተኛውን የሚያስሩት ግድግዳ ላይ ከተቀበረ የብረት ቀለበት ጋር ነው። የዚያን ጊዜው ሐኪም "ለራሱ ደኅንነት ነው" አለኝ። አመንኩት። ማን ሆኜ ነው የማላምነው? ኋላ ዘመን ተለወጠና ቀለበቶቹ ይነሱ ሲባል፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም በግራይንደር ቆረጥኩ፤ አንዷን ይዤ ቤት ገባሁ። ቁራጭ ብረት ቸግሮኝ አይደለም። የሐኪም ዕቃ ናት ብዬ ነው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ቀን ቀን የሚጠብቀው ሰው ጠፋ። ሁለቴ ከመኪና ጎማ ሥር ነው ያወጣሁት። ስለዚህ ቀለበቷን ከአልጋው አጠገብ ተከልኩና ሥራ ስሄድ እግሩን በሰንሰለት አስሬው፣ ስመለስ እፈታው ጀመር። ሰንሰለቱ እንዳይቆረቁረው በገዛ ሸሚዜ ጠቅልዬዋለሁ። ይህንን ለሲስተሯ ማን ይንገርልኝ?

ያን ዕለት አስተኙት። ተሻለው፣ ና ውሰደው ሲሉኝ፣ ቀለበቷን ነቅዬ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈንኩ። ሲስተሯ ስለሰደበችኝ አይደለም። ደግሞ እህታችን ከሥራ ወጥታ አብራው ልትውል ተስማምታለች።

ልወስደው ስሄድ፣ አንድ ወጣት ዶክተር ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሰጠኝ። ሲስተሯ እጇን አጣምራ በሩ ጋ ቆማለች።

"አባቴ፣ አሁን አሠራራችን ተለውጧል" አለኝ። "ከማን ጋር እንደሚሄድ የምንጠይቀው ራሱን ነው።"

ወንድሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ገባ።

"ጋሼ! ከሳህ እኮ!"

"የኔን ሥጋ አንተ ወስደኸው ነዋ! ምን እያበሉህ ነው?"

"መርፌ" አለ። ዶክተሩ ሳቀ። ሲስተሯም ሳታስበው ፈገግ አለች።

"ከወንድምህ ጋር ቤት መሄድ ትፈልጋለህ?" ሲል ዶክተሩ ጠየቀው።

"አዎ" አለ፣ ሳያቅማማ።

ቀና ብዬ ሲስተሯን አየኋት። ይኸው! ሰማሽ?

ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የቀኝ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ጫማው ውስጥ ከተተው። ሱሪውን ጠቀለለና እግሩን ወደ እኔ ዘረጋው፤ ልኩን እንደሚያስለካ ሰው፣ በትዕግሥት።

"በል ቶሎ በል ጋሼ፣ ሥራ እንዳይረፍድብህ።"

በርከክ ብዬ ካልሲውን መልሼ አጠለቅኩለት። እሱ ደግሞ የተሳሳትኩ መስሎት፣ ቀስ ብሎ አወለቀው።

"ምን ማለቱ ነው?" አለ ዶክተሩ።

ሲስተሯ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በሰደበችኝ። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"አባቴ፣ እርስዎን እኮ ነው። ምን ማለቱ ነው?"

ኮፍያዬን አንስቼ ብቻዬን ወጣሁ።