ፊቱን የማረ ማኅተም

ቦንጋ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ከሚል የሚባል ነጋዴ አሮጌ ፖስታ ይሰበስባል። ደብዳቤውን አይደለም፤ ደብዳቤ የሰው ጉዳይ ነው። እሱ የሚፈልገው ላዩን ነው፦ ቴምብሩን፣ ከዚያም ፖስታው ከየት ከተማ መቼ እንደተነሣ የሚናገረውን ክብ ማኅተም። ሚስቱ ለምያ «ሰው ማሩን ይበላል፣ አንተ ቀፎውን ትልሳለህ» ትለዋለች። እውነቷን ነው። ግን አመል ያለበት ሰው ተመክሮ መቼ ሰማ?

አመሉን የሚጋራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በስልክ የተዋወቀው አሜሪካዊ ነው። ስሙ ኤሊ ይባላል። ለምያ ይህን የሰማች ዕለት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ከዚህ ሁሉ ስም ኤሊ? እንግዲህ የሱ ደብዳቤ መቼም አይደርስህም!»

ኤሊ የሚሰበስበው ሌላ ነው። ድሮ የአገሩ ሰፋሪዎች በጋሪ ወደ ምዕራብ እየገፉ በየሜዳው መንደር ይቆረቁሩ ነበር። መንደሩ ገና ሳይጠና ፖስታ ቤት ይከፈታል፣ ማኅተም ይቀረጻል፤ ከዚያ ወርቁ ያልቃል ወይም ባቡሩ በሌላ በኩል ያልፋል፣ መንደሩም ይበተናል። ከሚል ይህን ሲያነብ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ረሳው። ቤቱ ፈርሶ፣ መቃብሩ ሣር ውጦት፣ ማኅተሙ ብቻ የቀረ ከተማ! በዓይኑ ካላየ የሚያርፍ አልሆነም። ኤሊም ከካፋ አሮጌ ማኅተም ያለበት ፖስታ ከላክህልኝ አንዱን እሰጥሃለሁ አለው።

ከሚል ድሮ በካፋዋ ዋጫ ከተማ ከነበረች አንዲት የፖስታ ወኪል ቤት የወጡ አራት ፖስታዎች ነበሩት። ጃንሆይ ያሉበትን ቴምብር የያዘውንና የሚያምረውን መርጦ፣ ፎቶ አንሥቶ ላከ። መልሱ ግን ፊት የሚያቃጥል ሆነ። ማኅተሙ ቴምብሩን አልነካም፤ ጎኑ ላይ ነው ያረፈው። «ወይ ቴምብሩን በኋላ የለጠፈው ሰው አለ፣ ወይ የፖስታ ሠራተኛው ሌባ ነበር» ይላል ኤሊ። «ያልተመታ ቴምብር ተልጦ እንደገና ይሸጣል።»

«አጭበርባሪ ማለቱ እኮ ነው!» አለ ከሚል።

«አንተን ነው ወይስ ሠራተኛውን?» አለች ለምያ።

እሱንም አላወቀም። በማግስቱ ሱቁን ለእሷ ትቶ፣ ፖስታዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ዋጫ ወረደ።

የድሮው የፖስታ ሠራተኛ ማን ነበር ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም አንድ ቤት ጠቆመው፤ የሟቹ የአቶ ልዑልቃል ልጅ የእትዬ ዙፋን ቤት ነው። እትዬ ዙፋን ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ወንበር ሰጡት፣ ፖስታዎቹንም ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ከሚል መቸኮሉ መጥፎ ነው፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጠየቀ።

«እትዬ፣ አባትዎ ቴምብሩን ለምን አይመቱትም ነበር?»

ፊታቸው ጠቆረ። «አንተም የቴምብር ሌባ ልትለው ነው የመጣኸው?»

«ኧረ በአላህ! እንዲህ ያለው ኤሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲህ ስማ። ጃንሆይ የወረዱ ዓመት ተቆጣጣሪ መጣ። ከፖስታው ከረጢት ያልተመታ ቴምብር አገኘና፣ ልጠህ ልትሸጥ ነው ብሎ ከሥራ አባረረው። አባቴ አንድ ቃል አልመለሰም። እኔ ትምህርት ቤት ስሜ ጠፍቶ የቴምብር ሌባ ልጅ ሆንኩ። እሱ ዝም እንዳለ ሞተ።»

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፤ በዚህ ቤት ግን ነቅዞ ነበር። ከሚል አፈረ። ፖስታዎቹን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋና እዚያው ላይ ቀረ። ለየብቻ ስንቴ አይቷቸዋል፤ እንዲህ ጎን ለጎን ግን አይቷቸው አያውቅም። ሁለቱ ላይ ጃንሆይ አሉ፤ ማኅተሙ ከጎናቸው በአክብሮት ቆሟል። ሦስተኛው ላይ ወፍ አለች፤ ጭንቅላቷ እስኪጠፋ ተመትታለች። አራተኛው ላይ ያለው አውሮፕላንም እንዲሁ ተመትቷል።

«እትዬ፣ ሌባ ቢሆኑ ወፏን ለምን መቷት?»

«ምን አልክ?»

«ወፏም ትሸጣለች እኮ! ዋጋዋ ያው ነው። ይዩት፣ የማሩት ጃንሆይን ብቻ ነው።»

እትዬ ዙፋን ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሡ። ከዚያ እንባቸው መጣ፣ ሳቃቸውም አብሮ መጣ።

«ጨው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ የጃንሆይ ሥዕል ካለበት አባቴ ጨዉን ገልብጦ ሥዕሉን ቆርጦ ያነሣው ነበር። ፊታቸው ላይ ጨው ፈሰሰ ብሎ! ታዲያ ይህ ሰው በጥቁር ቀለም ፊታቸውን ይመታል? እንዴት ሳይታየኝ ኖረ!»

«ታዲያ ለተቆጣጣሪው ይህንኑ ለምን አልነገሩትም?»

እትዬ ዙፋን ልጅ እንደሚታይ አዩት።

«በዚያ ዓመት? ንጉሤን አልመታም ብሎ? ሌባ ሲባል ወደ ቤቱ መጣ። ያን ቢናገር ኖሮ አይመጣም ነበር።»

የጠፋችው የአሜሪካ መንደር ከከሚል ልብ ወጣች ባልልም፣ ገሸሽ አለች። «ፖስታዎቹ ለርስዎ ይሁኑ» አለ።

«እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ? ላካቸው እንጂ።»

«ለማን?»

«ለዚያ ለኤሊው። እዚህ የሰደቡት ሁሉ አልፈዋል። ዛሬ በዓለም ላይ አባቴን ሌባ የሚል አንድ እሱ ቀርቷል። በስልክ አይደለም፤ ሰው በስልክ ያየውን ይክዳል። ጃንሆይንና ወፏን አንድ ላይ ላክለት፣ በእጁ ይዞ ይፍረድ።»

ከሚል ነገሩን ሁሉ ጽፎ ሁለቱን ፖስታዎች ላከ። መልስ ጠፋ። ሲቁነጠነጥ ለምያ «ኤሊ ነው፣ ታገሠው» ትላለች።

በመጨረሻ አንድ ወፍራም ጥቅል መጣ። ውስጡ በካርቶን መካከል ያ የጠፋ ከተማ ነበር፤ የወየበ ፖስታ፣ ዛሬ በካርታ ላይ የሌለ ስም በክብ ማኅተም። ከሚል አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ ፊደል በፊደል ሲያየው ሁለት ደንበኞች ተናደው ሄዱ። ከጥቅሉ ጋር ሌላ ትንሽ ፖስታ ለብቻዋ ደርሳ ነበር። «ለወይዘሮ ዙፋን ልዑልቃል፣ ዋጫ፣ በከሚል በኩል» ትላለች። ሳይከፍታት ይዞ ሄደ።

እትዬ ዙፋንም አልከፈቷትም። መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ያዩት ቴምብሩን ነው። ሪዛም ሰውዬ አለበት። ማኅተሙ ሙሉ ክብ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከጎኑ አርፏል። ፊቱን አንዲት ነጥብ ቀለም አልነካውም። ኤሊ ፖስታ ቤቱን ለምኖ በእጅ ያስመታው መሆኑ ለከሚል ገባው።

«ንጉሣቸው ነው?» አሉ እትዬ ዙፋን።

«አላውቀውም፣ እትዬ።»

በአውራ ጣታቸው የሰውየውን ፊት ቀስ ብለው ዳበሱት።

«ማንም ይሁን» አሉ። «አልመቱትም።»