አድራሻ የሌላቸው ለቀስተኞች

«የታካሚዎቹ አድራሻ እናንተ ጋ ነው ብለን እኮ ነው ዝም ያልነው» አለ የሆስፒታሉ ሐኪም። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሲታገል ጆሮው ቀልቷል።

«እኛስ? እኛም እናንተ ጋ ነው ብለን ነው» አለች የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ። «ለሟቹ ቢሮ የሰጣችሁት እናንተ።»

«ቢሮ የሚሉት አንድ ወንበር ነው። ተቀምጦበትም አያውቅ።»

በለቅሶው ቤት ወደ ማድ ቤት የሚወስደውን ጠባብ ኮሪደር ዘግተው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ የስኒ ትሪ ይዛ መሃላቸው ቀረች። ወንድሟ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ሴቶቹ አንዱን ትሪ ከእጇ ሲነጥቋት ሌላ ታነሣለች። ዕንባም እንቅልፍም እምቢ ብሏታል።

ሁለቱ ሲያዩዋት አፈሩ። ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ «እግዜር ያጽናሽ» አላት። እሷ ግን የሰማችውን ሰምታለች፤ ትሪውን አስቀምጣ ምን እንደጠፋ ጠየቀች።

ተመራማሪዋ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። መጠጥ ለማቆም በሚታከሙ ሰዎች ላይ የሚሠራው ጥናት በመንግሥት በጀት ነው የሚሄደው። መንግሥት ገንዘቡን የሰጠው ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው አብረው እንዲሠሩ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመትም ትብብራቸውን አርአያ ብሎ አመስግኗል። እስከ አርብ ድረስ አርባ አንዱ ታካሚዎች ተገኝተው ከሕክምናው ወዲህ ያለውን ስድስት ወር እንዴት እንደከረሙ መጠየቅ አለባቸው። ካልተገኙ በጀቱ አይታደስም፤ የሕክምና ክፍሉም ይዘጋል። ሰዎቹን እየፈለገ የሚያገኘው ወንድሟ ነበር። ከቀብሩ ማግስት ሆስፒታሉ ዝርዝሩን ፍለጋ ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወለ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለዚያው ዝርዝር ሆስፒታሉ ጋ ለመደወል ስልኩን አንሥቶ ነበር።

«ሁለት መሥሪያ ቤት የተባበረው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር» አለች ተመራማሪዋ፤ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም።

«ደብተር አይኖረውም?» አለ ሐኪሙ።

«አይጽፍም። ለሰዎቹ ቃል ገብቶላቸዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ይህን የምታውቀው ራሱ ነግሯት ነው። ከሥራ ሲመለስ ሱቋ ጎራ ይላል፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጣጠፈ ስም ሳይጠራ ውሎውን ይነግራታል። በዚያው ሱቅ፣ በመጥፎው ዘመኑ፣ ትልቁን መቀሷን ወስዶ ሸጦ ጠጥቶበታል። ከዚያ ታካሚ ሆኖ ገባ፤ ሲድን ቀጠሩት።

«ሰው በስሙ አይገኝም» ይላት ነበር። «በሚጠማው ሰዓት ነው የሚገኘው።» ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከመጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል። የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ስለ ኳስ እያወራ በሩን አብሮት ያልፋል። ብዙ ጊዜ ሥራው ይኸው ነበር፤ አንድ በር ማሳለፍ። ያንተን ጉሮሮስ አያሳክክህም ወይ ብላ ጠይቃው ታውቃለች።

«ያሳክከኛል እንጂ» አላት። «ለዚህ እኮ ነው የሚያምኑኝ።»

የሞተውም አንድ ታካሚ ሊፈልግ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ ደረጃ ላይ ነው። ልቡ ቆመ።

ሳሎን ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አልተወራም። አጎታቸው፣ ሁለቱንም ያሳደጉት ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ በሩ ሥር ተቀምጠው እንግዳ ይቀበላሉ። ሟች የሆስፒታል ሹም ነበር ይላሉ። አንዲት ጎረቤት ታሞ ነበር ወይ ብትላቸው «ልብ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው» አሉና የእህትየዋን አፍ በዓይናቸው ሰፉት።

ልብስ ሰፊዋ የቡናውን አተላ ልትደፋ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ሄደች። ውጭ መንገዱ ላይ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ሰው እስከ ጥጉ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ትናንትም አይታው አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሏት ነበር። እግሩ እንደሷው ማረፊያ አጥቷል። በጓሮ በር ወጣች።

«ሰው ፈልገህ ነው?»

ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ። ለቅሶ ልንደርስ ነበር። ሽማግሌው ቤቱ ይሄ አይደለም አሉን። ትናንትም እንዲሁ።»

«አሉን? ከማን ጋር ነህ?»

በአገጩ ጠቆማት። ከጥጉ ወዲያ፣ የተዘጋ መጋዘን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ወንዶቹ ፊታቸውን እንደ ነገሩ ተላጭተው እዚህም እዚያም ተቆርጠዋል። ሴቶቹ የሻሻቸው እርጥበት ገና አልደረቀም። አንዱ ኮሌታ በሌለው ሸሚዝ ላይ ከረባት አስሯል።

«እኔ በጥናቱ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነኝ» አለ ሰውየው፣ ስሙን እንደሚናገር ሰው። «እርስ በርስ አንተዋወቅም ነበር። የሚመጣበት ሰዓት ሲያልፍ ጊዜ እኛው ልንፈልገው ወጣን። በፍለጋው ነው የተገናኘነው፤ መሞቱንም የሰማነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቱ ዞረች። ከዚያ «ኑ» አለች፤ በጓሮ ሳይሆን ወደ ፊት ለፊቱ በር መራቻቸው።

አጎትየው ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም።»

«እኔም አላውቃቸውም፣ ጋሼ። የሚያውቃቸው እሱ ነው።»

ክርኗን ይዘው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ያን ሁሉ ዓመት ሸፈንኩት። አፈሩ ሳይደርቅ ልትገልጪው ነው?»

ለእኚህ ሰው እምቢ ብላ አታውቅም። አሁን ዝም ብትል ሰዎቹ ይበተናሉ፤ ከአርብ በኋላ ደግሞ የሚሄዱበት ክፍል አይኖርም። ጮክ አላለችም፤ ሳሎኑ ግን ሰማ።

«ወንድሜ ሰካራም ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ እነዚህን ሲፈልግ ኖረ። ግማሹን ትቼ ለግማሹ ማልቀስ አልቻልኩም፣ ጋሼ።»

ጎረቤትየዋ ስኒዋ ውስጥ አቀረቀረች። አጎትየው ክርኗን ለቀቁ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ በር ላይ እግራቸውን እየጠረጉ ገቡ። ሐኪሙ ፊቶቹን ሲያውቃቸው እጁ እስክሪብቶውን ፍለጋ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ተመራማሪዋ እጅጌውን ያዘችው።

«እዚህ አይደለም።»

«ልክ ነሽ» አለ። በሁለት ቀን ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቡና እያደለች ለእያንዳንዱ በጆሮው ነገረችው፤ አርብ ጠዋት ሆስፒታል ይጠብቋችኋል አለች። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለ ከረባቱ አርብ በእግሩ ይቁም አይቁም እንደማያውቅ ተናገረ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት «እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ የት ነው የምታድረው?» አለችው። ሰውየው ዙሪያውን ቃኘና በሹክሹክታ ነገራት። ያልመጡትንም፣ ማን የቱ ጋ እንደሚውል፣ እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ።

ወንበር አለቀ። መጨረሻ የገባው አዛውንት ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል። አጎትየው ያንን ስኒ ትኩር ብለው አዩት። ቆየት ብለው የራሳቸውን ወንበር አንሥተው ሳሎኑን አቋረጡና ከአዛውንቱ ኋላ አኖሩት፤ ቁጭ እስኪል መደገፊያውን ያዙለት።

ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ ሟቹ አንድ ቀን ሊፈልገው መጥቶ ውሻ እንዴት ዛፍ ላይ እንዳስወጣው እያወራ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ፣ ጎረቤትየዋ ሳትቀር፣ ሳቅ አመለጠው። ልብስ ሰፊዋ ጀበናውን እንደያዘች ከባለ ከረባቱ ጎን ካለችው ሴት አጠገብ ቁጭ አለች፤ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ። አጎትየው ባርኔጣቸውን ከሚስማሩ አውርደው፣ ከጥጉ ወዲያ የቀረ ሰው ካለ ሊጠሩ በተከፈተው በር ወጡ።